ያልተጠራ ሰው ቀሪ አይባልም

እትዬ ዘነበች ማረፋቸውን የነገረኝ የድሮው ርዕሰ መምህራችን ነው። ሶዶ ቢሮዬ ውስጥ ተቀምጬ ሳለ ስልኬ ጠራ። "ሽመልስ፣ ቲቸር ዘነበች ዐረፉ፤ ቀብሩ ነገ ነው" አለኝ።  መስኮቱ ክፍት ነበር፤ ከዳሞታ ተራራ የወረደው ጉም ግቢውን ሸፍኖታል። እንዲህ ብል ትስቁብኝ ይሆናል፤ ስልኩን እንደዘጋሁ መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር ተነስቼ መስኮቱን መዝጋት ነው። በዚያ ጉም ውስጥ እኚያ ሴት ስም ሲጣሩ የምሰማ መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ በጉኑኖ ሚኒባስ ሄጄ ቀበርኳቸው። የሕይወት ታሪካቸውን ያነበቡት ወንድማቸው አቶ ማርቆስ ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፣ ማንበብም ያውቁበታል። አያታቸው ሻንካ በባርነት የተሸጡ ሰዎችን እያፈላለገ ነፃ ያወጣ እንደነበር፣ ልጁ ሶርሳ ለእነዚያ ሰዎች ልጆች የሣር ክዳን ትምህርት ቤት እንደሠራ፣ የልጅ ልጁ ዘነበች ደግሞ በዚያው ቦታ ዕድሜዋን ሙሉ እንዳስተማረች ተነበበ። ለቀስተኛው ራሱን ነቀነቀ። ከተነበበው ውስጥ አንድም ሐሰት የለበትም። ግን ግማሹ ብቻ ነው። ሌላውን ግማሽ እትዬ ዘነበች ራሳቸው አንድ ሐሙስ ጠዋት በአርባ ልጆች ፊት ተናግረውታል፤ እኔ በሩ ላይ ቆሜ ሰምቻለሁ። አቶ ማርቆስ ያን ግማሽ ዘለውት ሲቀመጡ ነው ይህን ለመጻፍ የወሰንኩት።

እዚያ ትምህርት ቤት የተመደብኩት ከኮሌጅ እንደወጣሁ ነው። አባቴ ሶዶ ጨርቅ የሚሸጥ ጉራጌ ነው፤ እኔም ሱቁ ውስጥ ነው ያደግሁት ማለት ይቻላል። ወላይትኛ ለገበያ የሚበቃኝን ያህል እሰማለሁ፣ ከዚያ በላይ አልዘልቅም። ስለዚህ አማርኛ እንዳስተምር ተደረገ። ትምህርት ቤቱ ከጉኑኖ ወጣ ብሎ ሸንተረር ላይ ነው። ከበታቹ ቁልቁለቱን ይዞ የሚወርድ እንሰት፣ እንሰቱ መሃል ደግሞ ቤቶች አሉ። ጉም ሲወርድ እንሰቱም ቤቶቹም ይጠፉና እኛ ብቻችንን እንቀራለን።

እትዬ ዘነበች የአምስተኛ ክፍል ኃላፊ ነበሩ። ረጅም ናቸው፣ ቀጭን ናቸው፣ ክረምት ከበጋ አንድ የወንድ ሹራብ ይለብሳሉ። ከዚያ ቅጥነት ያ ሁሉ ድምፅ እንዴት እንደሚወጣ አላውቅም። ቀልድ አይወዱም የሚል ሰው አለ፤ አያውቃቸውም ማለት ነው። እኔን ገና ያዩኝ ቀን ከላይ እስከ ታች መርምረው፦

"የጉራጌ ልጅ አስተማሪ ሆነ? አባትህ ይህን ሰምተው እንቅልፍ ወሰዳቸው?" ነው ያሉኝ።

ከሰው ፊት አይሄዱም። ከትምህርት ቤት ወደ መንገዱ ስንወርድ ልጆቹን ያስቀድማሉ፣ እኛን መምህራንን ያስቀድማሉ፣ እሳቸው መጨረሻ ላይ ናቸው። አንድ ቀን ላከብራቸው ብዬ "ይቅደሙ እንጂ እትዬ" ብላቸው፦

"አያቴ ከኋላ ነበር የሚሄደው። አንድ ሰው እንዳይጎድል" አሉኝ።

እንዴት ያለ ደግ ሰው ኖሯል ብዬ አደነቅሁ። ይሁን እንጂ እሳቸው ከኋላዬ ሲመጡ አልወድም ነበር። የሸራ ጫማቸው ድምፅ የለውም። ዞር ስል ዐይናቸው ጀርባዬ ላይ ነው። ማጅራቴን ብርድ ብርድ ይለኛል።

ከሁሉ የባሰው ግን ስም ጥሪያቸው ነው። ጠዋት ጠዋት ከአዳነ ጀምረው እስከ ዮሐንስ የልጆቹን ስም ይጠራሉ። ከዚያ የስም መዝገቡን ዘግተው ወደ በሩ ይሄዳሉ። ደፉ ላይ ይቆሙና፣ ፊታቸውን ወደ ቁልቁለቱ አዙረው፣ በዚያ ድምፃቸው አንድ ሌላ ስም ይጣራሉ። በየቀኑ ሌላ ስም፤ በክፍሉም፣ በትምህርት ቤቱም፣ እኔ እንደማውቀው በሠፈሩም የሌለ ሰው ስም። ከጠሩ በኋላ ይጠብቃሉ። ልጆቹም እንደ ጸሎት ጊዜ አንገታቸውን ደፍተው አብረው ይጠብቃሉ፣ የሚስቅ የለም። ሃያ እስኪቆጠር ያህል ነው። ከዚያ "እሺ" ይሉና ጠመኔያቸውን ያነሳሉ።

"ማንን ነው የሚጠሩት?" ብዬ ጠየቅኋቸው፣ በመጀመሪያው ሳምንት።

"አያቴ ፈልጎ ያጣቸውን። የተሸጡትን። ስማቸውን ጽፎ ትቶልናል። አባቴም እዚሁ በር ላይ ይጠራቸው ነበር።"

"እትዬ፣ እነዚህ ሰዎች እኮ እስካሁን ሞተዋል።"

"ሞተው ይሆናል" አሉ። "ግን ያልተጠራ ሰው ቀሪ አይባልም።"

እኚህ ሴትዮ ትንሽ ነካ ያደርጋቸዋል ብዬ በሆዴ ዘጋሁት። በኋላ ስታፍ ውስጥ ስሰማ ሁሉም እንደ እኔ ያስብ ነበር፤ ግን ማንም ፊት ለፊት አይናገራቸውም፤ የሚያስተምሩት ልጅ የማንበብ ችግር የለበትማ።

በጥቅምት አንድ ጠዋት ጉሙ በር ድረስ መጥቶ ቆሞ ነበር። እኔ ጠመኔ ልበደር ወደ ክፍላቸው እየሄድኩ ነው። እትዬ ዘነበች ደፉ ላይ ቆመው ተጣሩ፦

"አሎቴ! አሎቴ!"

ከታች፣ ከጉሙ ውስጥ፣ "ኤ..." የሚል ድምፅ መጣ።

ቀጭን ነው፣ የደከመ ነው፣ ይረዝማል። በወላይትኛ አዎ ማለት ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ተሰማና ጠፋ። ክፍሉ ውስጥ የአንዲት ልጅ እርሳስ ከእጇ ወደቀ፤ የሚያነሳው ጠፋ። እትዬ ዘነበች የበሩን መቃን ይዘው ቀሩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

"አንተም ሰማህ?"

"ምኑን?" አልኩ።

ሰምቼ ነበር። ለምን እንደዋሸሁ እስከ ዛሬ ሳስበው፣ ሰማሁ ብል ወደ ታች ወርደን እንድናይ ይጠይቁኛል ብዬ ፈርቼ ነው። ውሸቴን ያወቁ ይመስለኛል። ግን አልጨቀጨቁኝም። ጠመኔውን ሰጡኝና ገቡ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። የእኔ ጥፋት እንኳን የአፍ ወለምታ አልነበረም፤ በሌሰን ፕላን ጽፌ፣ አስፈርሜ፣ ተዘጋጅቼበት ነው ያጠፋሁት። በመጋቢት ወር "ራስን ማስተዋወቅ" የሚል የንግግር ትምህርት ነበረን። አባቴ በየመስቀሉ አስቁሞ እስከ ሰባት ትውልድ ያስቆጥረኝ ስለነበር፣ ያንን ኩራት ለልጆቹ ላካፍላቸው አሰብኩ። አምስተኛ ክፍል ገብቼ "እያንዳንዳችሁ እየተነሳችሁ፣ ስማችሁን፣ ጎሳችሁን፣ ከዚያ አባቶቻችሁን እስከ ሰባት ትቆጥሩልኛላችሁ" አልኩ። ልጆቹ ደስ አላቸው። እንደ ውሃ ነው የሚያወርዱት፤ እስከ አሥር የደረሰም አለ። እኔም አጨበጭባለሁ።

ተራው መሠረት ጋ ደረሰ። መሠረት ከክፍሉ አማርኛ የሚቀናት ልጅ ናት፤ ከአያቷ ጋር ከትምህርት ቤቱ በታች እንሰቱ ውስጥ ትኖራለች። በአንድ ዴስክ የምትቀመጠው ከሕይወት ጋር ነው። ሕይወት የአቶ ማርቆስ ልጅ፣ የእትዬ ዘነበች የወንድም ልጅ ናት። ሁለቱ ልጆች አንድ ማስመሪያ በጋራ ነበራቸው።

"መሠረት፣ የጳውሎስ ልጅ" አለች ቆማ። "ጳውሎስ የጩፋ ልጅ።" አቆመች።

"ቀጥዪ።"

ዴስኩ ላይ ያለውን ማስመሪያ ታያለች።

"ቀጥዪ እንጂ! ጎበዟ ተማሪዬ ሁለት ላይ ትቆማለች እንዴ?"

ሦስት ጊዜ ቀጥዪ አልኳት። ሦስት ጊዜ! ክፍሉ ጸጥ ማለቱን ሳየው ለእሷ እያዘኑላት ነው ብዬ አሰብኩ። ያን ጊዜ ሕይወት፣ ክፋት በሌለው ድምፅ፣ ልታግዘኝ እንደምትፈልግ ሁሉ፦

"ቲቸር፣ እነሱ ከዛ በላይ የላቸውም" አለችኝ። ከዚያ በወላይትኛ አንድ ቃል ጨመረች። ቃሉን ገበያ ላይ ሰምቼው አላውቅም። ከአፏ እንደወጣ ግን በመዳፏ አፏን ከደነች።

በማግስቱ የሕይወት ቦርሳ ሌላ ዴስክ ላይ ነበር። መሠረት ለብቻዋ ተቀመጠች። ከኋላ የነበሩት ደግሞ ዴስካቸውን በአንድ ክንድ ያህል ወደኋላ ስበውታል። በሦስተኛው ቀን መሠረት አልመጣችም።

እትዬ ዘነበች ስታፍ ውስጥ ገብተው ከፊቴ ተቀመጡ። የሆነውን አንድ በአንድ አስነገሩኝ። ያቺ ቃል ባሪያ ማለት እንደሆነች የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ድምፃቸው እንኳ ከፍ አላለም።

"የጉራጌ ልጅ፣ አንተ ሰባት ቆጥረህ ኩራት አገኘህ" አሉኝ። "እዚህ ግን መቁጠር ሰው ይለያል። የተሸጠ ሰው ስሙ ይቀየራል፤ ገዢው የፈለገውን ያወጣለታል። ከዚያ ልጁ ማንን ብሎ ይቁጠር? ይኸው ዛሬም ከእነሱ ጋር አይጋቡም፣ ከቤታቸው ውሃ አይጠጡም። በአፍ ግን አይነሳም። አንተ አነሳኸው።"

"ምን ላድርግ?"

"ልጅቷን እንመልሳለን። እሷ በዚህ ምክንያት ከቀረች፣ አያቴም አባቴም እኔም የለፋነው ለወሬ ነው።"

ሁለት ጊዜ ሰው ላኩ፤ አያትየዋ "አትመጣም" ብለው መለሱ። መሠረት በቀረች በስምንተኛው ቀን ጉም ነበር። እኔ በሩ አጠገብ ነበርኩ፤ ከዚያ ጥፋት ወዲህ ጠዋት ጠዋት እዚያ መቆም ልማዴ ሆኗል። እትዬ ዘነበች ስም ጠርተው ጨረሱና ደፉ ላይ ወጡ።

"አሎቴ! አሎቴ!"

"ኤ..." አለ ጉሙ።

አሁን ሳይጠይቁኝ "ሰምቻለሁ" አልኩ። "በጥቅምትም ሰምቼ ነበር።"

"አውቃለሁ" አሉ። "በስድስት ሰዓት ስንወጣ እንወርዳለን።"

እኔ ከፊት፣ እሳቸው ከኋላ ወረድን። ቀትር ነው፣ ግን ከአምስት እርምጃ በላይ አይታይም። የእንሰቱ ቅጠል ውሃ ያንጠባጥባል። ድምፁ የመጣበትን አቅጣጫ ይዘን እየሄድን፣ እግራችን ያቆመን የመሠረት አያት ቤት ደጃፍ ላይ ነው። ደፉ ላይ አንድ የእንሰት ቅጠል ተነጥፎ፣ በላዩ የተቀቀለ ጎደሬ ተቀምጧል። አልተነካም። የሚበላ ሰው የለም፣ ውሻም የለም።

አሮጊቷ እሳቱ አጠገብ ነበሩ፤ ዐይናቸው ደክሟል። መሠረት ከኋላቸው ተቀምጣለች፤ እኔን ስታይ ፊቷን አዞረች። እትዬ ዘነበች "አዬ" ብለው ሰላምታ ሰጡ፤ እናቴ እንደ ማለት ነው። ከዚያ መሠረትን "ለእሱም ንገሪው፣ ይስማ" አሏት። በቀጥታ እየተረጎመች የነገረችኝ፣ እንግዲህ፣ ያዋረድኳት ልጅ ናት።

"አዬ፣ ደጅ ያለው ጎደሬ የማነው?"

"የእናቴ ነው" አሉ አሮጊቷ። "ዛሬ ተጠርታለች።"

"ማን ጠራት?"

"እኔ ምን አውቃለሁ? ከላይ ነው የሚጠሯት። በዓመት አንዴ፣ ሁለቴ። እሷ ከሞተች ስንት ዘመኗ፤ መመለስ አትችልም። ስለዚህ እኔ እመልስላታለሁ።"

"ለምን ይመልሱላታል?"

"ዝም ከተባሉ ሊፈልጓት ይወርዳሉ።"

መሠረት ይህን ከመተርጎሟ በፊት ዞራ አያቷን አየች። እሷም ከዚያ ቀን በፊት አልሰማችውም ነበር። 

"እዚህ ሠፈር ደስታ ነበር የምትባለው" ቀጠሉ አሮጊቷ። "የገዛት ሰው ያወጣላት ነው። እናት አባቷ ያወጡላትን ስም ለእኔ ብቻ ነው የነገረችኝ፤ ለማንም አልተናገርኩም። ከላይ የሚጠሯት ግን በዚያኛው ስሟ ነው። ከኦሞ ማዶ ያመጧት ሰዎች ካልሆኑ ያንን ማን ያውቃል?"

እትዬ ዘነበች ከመቀመጫቸው ወርደው መሬት ላይ ተቀመጡ። ስሙን በአሮጊቷ ጆሮ በሹክሹክታ ነገሯቸው። አሮጊቷ እጃቸውን ወደፊት ሰደዱና የእትዬ ዘነበችን ፊት ዳሰሱ፤ ግንባራቸውን፣ አፍንጫቸውን፣ አገጫቸውን።

"የጠራሁት እኔ ነኝ፣ አዬ" አሉ እትዬ ዘነበች። "አያቴ ሻንካ ይባላል። ባሪያ ነፃ ያወጣ ነው ይሉታል፤ አውጥቷል። ከዚያ በፊት ግን ከነጋዴዎቹ ጋር ሆኖ ሰው ወደ ገበያ የሚነዳ እሱ ነበር። መንገድ ላይ ስማቸውን ይነግሩት ነበር። አንድ ቀን አንድ ሰው 'ስሜን ከአንተ በቀር የሚያውቅ የለም' ሲለው እንቅልፉ ጠፋ። ሥራውን ተወ፤ ፊደል ተማረ፤ የሚያስታውሰውን ስም ሁሉ ጻፈ። ያገኘውን መለሰ። እናትዎን ግን ወደ አገሯ ተመልሳ ይሆናል ብሎ በኦሞ ማዶ ሲፈልጋት ኖረ። እዚህ፣ ከቤታችን ሥር እንዳለች አላወቀም።"

 ሮጬ ብወጣ ደስ ባለኝ።

"ከኋላ የሚሄደው" አሉ አሮጊቷ በመጨረሻ። "እናቴ ስለ እሱ ነግራኛለች። ማንም እንዳያመልጥ ከኋላ የሚሄድ ሰው ነበር ብላኛለች። እስክትሞት ድረስ ሰው ከኋላዋ ሲሄድ አትወድም ነበር፤ እኔን እንኳ ታስቀድመኝ ነበር።"

አያቴ ከኋላ ነበር የሚሄደው፣ አንድ ሰው እንዳይጎድል። ያን ጊዜ ገባኝ፤ ቤቱ ውስጥ እሳት እያለ በረደኝ።

አሮጊቷ በዚያ ቀን አላለቀሱም፣ አልተራገሙም፣ ይቅርም አላሉም። መሠረትን አዘዟትና ጎደሬ በዳጣ አቀረበችልን። ከሸንተረሩ ላይ ወርዶ በዚያ ቤት የበላ ሰው የለም። እትዬ ዘነበች በሉ። እኔም በላሁ፤ ዳጣው አቃጠለኝ፣ ዕንባዬም ሰበብ አገኘ።

ስንነሳ እትዬ ዘነበች "ልጅቷን ይስጡኝ፤ ትማር" አሉ።  የመለሰችው መሠረት ናት። በአማርኛ ነበር፤ እኔም እንድሰማ ይመስለኛል።

"ቲቸር፣ የእኔን ክፍሉ በሙሉ ሰምቷል። የእርስዎንስ?"

እትዬ ዘነበች ወደ ልጅቷ ዞሩ። "እውነትሽን ነው" አሉ። "ነገ ነይ። ትሰሚያለሽ።"

ሽቅቡን ስንመለስ ከፊት የሄዱት እሳቸው ናቸው። እኔን አላስቀደሙም፣ ዞርም አላሉም። እኚያን ሴት ጀርባቸውን ሰጥተው ሲሄዱ ያየሁት የመጀመሪያ ጊዜ ነው፤ ጠባብ ጀርባ ነበራቸው።

በማግስቱ ሐሙስ መሠረት መጣች። ለብቻዋ ዴስኳ ላይ ተቀመጠች። እትዬ ዘነበች የስም መዝገቡን ሳይከፍቱ ክፍሉ መሃል ቆሙ። በመጀመሪያ በወላይትኛ፣ ከዚያ በአማርኛ ተናገሩ። "ባለፈው ቲቸር ሽመልስ አባቶቻችሁን ቁጠሩ ብሏችኋል። እኔ አልቆጠርኩም ነበር፤ አሁን ልቁጠር። ዘነበች ነኝ። የሶርሳ ልጅ። ሶርሳ የሻንካ ልጅ። ሻንካ ሰው ይሸጥ ነበር።" ሌላውንም ሁሉ ነገሯቸው፤ ለአሮጊቷ የተናገሩትን አንድም ሳያስቀሩ። "መሠረት መቁጠር ያቃታት አባት ስለሌላት አይደለም። እኛ ስለወሰድንባት ነው" አሉ። ሕይወት አንዴ አክስቷን፣ አንዴ መሠረትን ታያለች።

ወሬው ከልጆቹ ቀድሞ ቤት ደረሰ ማለት ይቻላል። በዚያው ቀን ከሰዓት አቶ ማርቆስ ትምህርት ቤቱ በር ላይ መጡ።

"የአያታችንን ስም በልጆች አፍ አስገባሽው!" አሉ። "ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዚህ ስም ሰው ፊት ቆመናል። ባሪያ ቤት ገብተሽ በልተሻል አሉኝ። ሙት ትጠራለች፣ ልጆቻችን ላይ ጎሜ ታመጣለች እያሉ ነው፤ ምን ልበላቸው?" ጎሜ የሚሉት ክልክል ሲጣስ በቤተሰብ ላይ የሚወርደውን መቅሰፍት ነው።

"የሸጠውም የፈለገውም አንድ ሰው ነው፣ ማርቆስ" አሉ እትዬ ዘነበች። "አንዱን ብቻ መውረስ አንችልም።"

ዓርብ ጠዋት አምስተኛ ክፍል ባዶ ነበር። ከአርባ ልጅ ውስጥ የመጣችው መሠረት ብቻ ናት። ርዕሰ መምህሩ ወላጅ ልሰብስብና ይቅርታ ይጠይቁ ብሎ እትዬ ዘነበችን ለመናቸው፤ አሻፈረኝ አሉ። ስም ጥሪያቸውን እንደወትሮው ከአዳነ ጀመሩ። አርባውንም ስም በሙሉ ጠሩ፣ በእያንዳንዱ ቆም እያሉ። መሠረት ስሟ ሲደርስ "አቤት" አለች። ከዚያ ማስተማር ጀመሩ። ለአንዲት ልጅ፣ በሙሉ ድምፃቸው። እኔ ከግድግዳው ማዶ ስድስተኛ ክፍልን አስተምራለሁ፤ ልጆቼ እኔን መስማት ትተው የዚያኛውን ክፍል ያዳምጡ ነበር። "ጥያቄ ያለው?" ይሉና ይጠብቃሉ። "ከኋላ ያላችሁ ይታያችኋል?" ይላሉ። ከኋላ ማንም የለም። አንድ ቀን በመስኮት አየሁ፤ ባዶዎቹን ዴስኮች አንድ በአንድ እያዩ ነበር የሚያስተምሩት፤ መሠረትም አብራቸው ዞር እያለች ታያለች። 

ሰኞም እንዲሁ፣ ማክሰኞም እንዲሁ ሆነ። ማክሰኞ ርዕሰ መምህሩ ጋ ገብቼ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ መጀመሪያ ያስቆጠርኩት እኔ ነኝ አልኩት። "አንተ ደግሞ አሁን ነው የምትናገረው?" አለኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለቱ ነው፤ እውነቱን ነው። በጣም አፍሬ ወጣሁ። ስታፍ ውስጥ እትዬ ዘነበች ዓመቱ ሳያልቅ ይቀየራሉ ይባል ጀመር፤ ክፍሉ ይታጠፋል፣ መሠረትም ወደ ጉኑኖ ትሂድ የሚል ነገርም ነበር። ወደ ጉኑኖ ከሄደች ደግሞ እንደማትማር ሁላችንም እናውቃለን።

ዓርብ፣ በስድስተኛው ቀን፣ ጉሙ እንደገና በር ድረስ መጥቶ ነበር። እኔ ትርፍ ሰዓት ነበረኝና በረንዳው ላይ ቆሜያለሁ። እትዬ ዘነበች ሰሌዳው ላይ ክፍልፋይ እየጻፉ ነው። ከጉሙ ውስጥ ሕይወት ብቅ አለች። ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋለች፤ እግሯ እስከ ጉልበቷ በጤዛ ርሷል። በመንገዱ አልመጣችም ማለት ነው፤ አባቷ እንዳያዩዋት በእንሰቱ ውስጥ ነው የመጣችው። ደፉ ላይ ቆመች።

"ቲቸር፣ ልግባ?"

እትዬ ዘነበች ጠመኔውን ሰሌዳው ላይ እንዳደረጉ ዞሩ። የወንድማቸው ልጅ ናት፤ ሮጠው የሚያቅፏት መስሎኝ ነበር።  ግን ካሉበት አልተነቃነቁም።

"እኔን አትጠይቂኝ" አሏት። "ቦርሳሽን ያነሳሽው ከእኔ አጠገብ አይደለም።"

ሕይወት ወደ መሠረት ዞረች።  መሠረት ደብተሯ ላይ አቀርቅራ የጀመረችውን ክፍልፋይ እስከ መጨረሻው ሠራች፤ አላስቸኮለችም፣ ማንም ደግሞ አላስቸኮላትም። በጣም ረጅም ጊዜ መስሎኝ ነበር። አሁን እምቢ ብትል ማን ይፈርድባታል እያልኩ እጠብቃለሁ።

ከዚያ ቀና ሳትል ደብተሯን ሰበሰበችና ጠጋ አለችላት።